በመሳቢያ የቀሩ አርባ ሦስት ማዘዣዎች

ጥር 6

ለተከበርሽው የአክስቴ ልጅ፣

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ሥራሽ የቀና፣ ያ የማይለቅ ጉንፋንሽም የለቀቀሽ ሆኖ ያግኝሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽም ደኅና ናቸው፤ ከጉልበታቸው በቀር። ጉልበታቸውን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ከኔና ካንቺ በፊት የነበረ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል ትይኝ ይሆናል። አንቺ ከሥራ ስትወጪ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ደግሞም በስልክ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ነው የምትዘጊብኝ። በወረቀት ግን አታቋርጪኝም።

አሁን ወደ ደስታዬ ልግባ። ተመረጥኩ! ሃያ ሁለት ዓመት ካርድ ክፍል ተቀምጬ፣ አቧራ ስውጥ ኖሬ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ፈለገኝ። ከጤና ቢሮ አንዲት ፋርማሲስት መጣች። ገና ልጅ ናት፣ ቦርሳዋ ግን ከሷ ይከብዳል። በትናንሽ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት እንዴት እንደሚታዘዝ ልትመዝን ነው የመጣችው። በአንድ ማዘዣ ላይ ስንት ዓይነት መድኃኒት ይጻፋል? ስንቱ ላይ መርፌ አለ? ስንቱ ላይ አንቲባዮቲክ አለ? እንዲህ እንዲህ። ስምንት ጣቢያ ትዞራለች። ኃላፊያችን ወደኔ እየጠቆመ «ከዚህ ቤት ወረቀት የምታወጣልሽ እትዬ ካርድ ብቻ ናት» አላት። አዎ፣ አሁን ስሜ እትዬ ካርድ ሆኗል፤ እናቴ ያወጣችልኝን የሚያስታውስ የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። የዓመቱን ማዘዣ በቀኑ እደረድራለሁ፤ ከዚያ እየቆጠርኩ ሃምሳኛውን አወጣለሁ፤ እንደገና ሃምሳኛውን፣ መቶ ወረቀት እስኪሞላ። ልጅቱ ጣቷን ቀስራ ነው የነገረችኝ፦ «ያማረውን አይደለም እትዬ፣ የወደቀውን!» እሺ አልኳት። መዝገብ፣ ቀይ እስክሪብቶና የራሴ መሳቢያ ከነቁልፉ ተሰጠኝ። ብታዪኝ ሚኒስትር መስያለሁ።

ማዘዣዎቹ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሐኪማችን። ሰፈሩ «ለጋሱ» ነው የሚለው፤ ፊት ለፊት ግን ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። ከሱ ክፍል በሦስትና በአራት መድኃኒት እንጂ በአንድ የሚወጣ የለም። ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች «ስንት ጻፈልሽ?» ነው የሚባባሉት። አንዷ ሁለት ካለች ያዝኑላታል። እናትሽ አምስት ጊዜ አምስት ተጽፎላቸው ያውቃል፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚወጡት። እኔም ሰውዬውን እወደዋለሁ። ባለቤቴን በመጨረሻው ዓመት ቤቴ ድረስ እየመጣ ያከመልኝ እሱ ነው።

የላክሽላቸው ነገር በሰው እጅ ደርሷል። ትራሳቸው ሥር ወሸቁና «የልጄ ነው» አሉኝ ብቻ። ሽቶ ከሆነ እኔንም አስቢኝ። ካልሆነ ግን የማንበቢያ መነጽር ብትልኪልኝ፤ የለጋሱ ጽሑፍ ጉንዳን ቀለም ነክሮ የሄደበት ነው የሚመስለው።

ሰላምሽን የምትናፍቅ
የአጎትሽ ልጅ፣ እትዬ ካርድ


የካቲት 3

ለምወድሽ የአጎቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ።

በመመረጥሽ ደስ ብሎኛል። መነጽሩን ልኬልሻለሁ። የላክሁላት ሽቶ አይደለም፤ ለሰው አታንሺው።

የምሠራበትን ታውቂያለሽ፣ የአረጋውያን ማረፊያ ነው። ጠዋት ጠዋት ክኒን በጋሪ የማዞረው እኔ ነኝ። አንድ ክኒን ከመስጠቴ በፊት ስሙን ሦስት ጊዜ አነባለሁ። አዲስ ሲጨመር «ከድሮው የቱ ይቀነስ?» ተብሎ ወረቀቱ ይገላበጣል። አንቺ «አምስት» ብለሽ ስትጽፊ እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

እማዬ ምን ምን ነው የምትወስደው? እንዳለ ጻፊልኝ።

ስለ መምጣቴ አትጠይቂኝ። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ ገና አላለቀም።

የአክስትሽ ልጅ


የካቲት 24

ለክብርትና ለዝምተኛዋ እህቴ፣

መነጽሩ ደረሰኝ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ! ጣሪያው ላይ ያለውን ሸረሪት ሳይቀር አየሁት፤ ለካ ሃያ ዓመት አብሮኝ ይሠራል።

አሁን እልል በዪ። ከስምንቱ ጣቢያ አንደኛ ወጣን! በአንድ ማዘዣ በአማካይ ሁለት ነጥብ ሁለት መድኃኒት፤ ጥቂት የጻፈ ነው የሚመሰገነው። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ደመረችው፤ ከዚያ «እትዬ፣ ይሄ እንኳን እዚህ ውጭ አገርም አይገኝ» አለችኝ። ኃላፊው ስብሰባ ጠርቶ በስሜ አመሰገነኝ። ለጋሱ ደግሞ «እኔ ይህን ያህል ቆጣቢ ነኝ እንዴ?» ብሎ ራሱን ሲያክ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ላንቺ ልንገርሽ፤ ላንቺ ያልነገርኩትን ለማን እነግራለሁ? ትንሽ አስተካክያለሁ። ሃምሳኛው ላይ የወደቀው ወረቀት ሲያስጠላኝ፣ መድኃኒቱ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጠጋግቶ ሲደረደርበት፣ ዝም ብዬ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። ውሸት አልጻፍኩም፤ ያውም የራሳችን ወረቀት ነው። ልጅ ፎቶ ሊነሣ ሲል ፊቱን ጠረግ አታደርጊውም? እንደዚያ ነው። ጥቂት ወረቀቶች ናቸው፣ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከነሱ አንዷ የማን ብትሆን ጥሩ ነው? የእናትሽ! አምስት መስመር፣ መርፌም አለበት። «አክስቴ፣ ጣቢያችንን ሊያዋርዱት ነበር እኮ» ስላቸው «እሱ ለኔ ይሳሳል፣ ምን ላድርግ?» ብለው ሳቁ።

ልጅቱ ሄደች። ውጤቱ የከፋበት ጣቢያ ውስጥ ነው ስድስት ሳምንት የምትቀመጠው፤ ከሐኪሙ አጠገብ ሆና ማዘዣ በማዘዣ ልታይ። እኛ አያስፈልገንም ተባልን።

እናትሽ እግራቸው ትንሽ አበጥ ብሏል። ቆመው ስለዋሉ ነው። የመድኃኒቱን ዝርዝር በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ዛሬ እጄ ደስታ ብቻ ነው የሚጽፈው።

ደስታሽን ያብዛልሽ፣
እትዬ ካርድ


መጋቢት 12

የአጎቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

እግሯ ያበጠው መቼ ነው? ሁለቱም ነው አንዱ? ስትጫኚው ይሰረጉዳል? ሽንቷስ?

ወረቀቷን ከመሳቢያሽ አውጪና ቃል በቃል ገልብጪልኝ። አታስተካክይው። ማሳመር አልፈልግም። ምንም ሌላ ወሬ አትጻፊበት፤ አምስቱን መስመር ብቻ።

ስልክ ስደውል «ደኅና ነኝ ልጄ» ብቻ ነው የምትለኝ።

እጠብቃለሁ።


ሚያዝያ 8

የአጎቴ ልጅ፣

ዝም አልሽኝ። አንቺ! በልጅነታችን «ለአምስት ደቂቃ ዝም በይ» ተብለሽ ያለቀስሽው አንቺ፣ አራት ሳምንት ዝም አልሽኝ። እማዬም ስልክ አታነሳም።

እንግዲያው እኔ ልናገር። ትራሷ ሥር ያለው የጉልበት ሕመም ማስታገሻ ነው። ጉልበቷ እንደሚያሳድራት ስታለቅስልኝ ላክሁላት። አልገዛሁትም። እዚህ አንድ አዛውንት ሲያርፍ የተረፈው ክኒኑ ተቆጥሮ ይወገዳል። የሚወገደውን የማወርደው እኔ ነኝ። አንዱ ሳጥን ሙሉ ነበር፤ ኪሴ ከተትኩት። ከሞተ ሰው አልጋ ያነሣሁትን ነው ለእናቴ የላክሁት። «ሲያምሽ ዋጪ፣ ለማንም አትንገሪ» አልኳት። ዶክተሩ ምን እንደሚሰጣት ሳልጠይቅ። እኔ፣ ስሙን ሦስት ጊዜ የማነበው!

የሳጥኑ ትልቁ ስም የንግድ ስሙ ነው፤ ዋናው ስም ከሥሩ በደቃቁ ተጽፏል፦ ዳይክሎፌናክ። ወረቀቷ ላይ ይኼ ስም ካለ ዛሬውኑ አስጥያት፤ ሲደራረብ ኩላሊት ይጎዳል። ስትፈልጊ ስደቢኝ፤ ግን መልሺልኝ።


ሚያዝያ 22

ለእህቴ፣

በመጀመሪያ እናትሽ በሕይወት አሉ። ይህን አንብበሽ ቁጭ በዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መሳቢያውን ከፈትኩ። ወረቀታቸውን አወጣሁና እንዳልሽው አንድም ሳላሳምር ገለበጥኩ። ኢናላፕሪል ለደም ግፊት። የሽንት ክኒን፣ እሱም ለግፊት። ዳይክሎፌናክ በክኒን። ዳይክሎፌናክ በመርፌ። አሞክሲሲሊን፣ ለምን እንደሆነ አንድዬ ይወቀው። ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ሳላሽገው ግን ቀረሁ። አንቺ ካነበብሽው ትጮሂያለሽ፣ ከጮኽሽ ለጋሱ ያልቅለታል፣ የኔም ነገር ይወጣል ብዬ ነው። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ዋለ። ይኸው፣ ስደቢኝ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እስቲ ማን ማንን ይስደብ?

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሥራ ስወጣ ልጠይቃቸው ገባሁ። በር የከፈተልኝ የለም፤ ገፍቼ ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይታገላሉ፤ እግራቸው አልገባም አለ። ፊታቸው እንደ ሊጥ ነጥቷል።

«አክስቴ፣ ምነው?»

«ምንም። ይህ ጫማ ጠቦ ነው።»

«የአምናው ጫማ?»

«ጫማም ያረጃል፣ ይጠባል፤ አንቺ ደግሞ ሁሉን ካልጠየቅሽ።»

«ሽንትዎስ?»

ጫማቸውን እንደገና አነሡ። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ጀምሮ እንዳልወጣቸው ያወቅሁት ታክሲ ውስጥ ነው፣ ያውም ሹፌሩ እንዳይሰማ በጆሮዬ ሹክ ብለውኝ።

ሆስፒታል አንዲት ሐኪም ተቀበለችን። «እማማ፣ ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለቻቸው። እናትሽ ቀና ብለው «ዶክተራችን የሚያዝልኝን ብቻ» አሉ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ፣ ዝርዝሩ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ፣ ትንፍሽ አላልኩም። ሐኪሟ ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ መሆኑን ነገረችኝና «የሚቀይሩት ልብስ አምጪ» አለችኝ።

ቤት ሄጄ ትራሱን ሳነሳ ሳጥኑን አገኘሁት። የውጭ አገር ጽሑፍ ነው። የላክሽልኝን መነጽር አደረግሁና ትልቁን ስም አነበብኩ፤ አላወቅሁትም። ከሥሩ ያለውን ደቃቁን አነበብኩ። ያንን አወቅሁት። በራሴ እጅ ገልብጬዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ወረቀቱ ላይ በክኒን አንድ፣ በመርፌ አንድ፤ ትራስ ሥር ደግሞ ሦስተኛ። እናትሽ አንዱን መድኃኒት በሦስት በር ነው ሲያስገቡት የኖሩት። እህቴ፣ እዚያው አልጋቸው ላይ ተቀመጥኩ። ሳጥኑ ላይ የሰው ስም ተለጥፎበት ነበር። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ላጥኩና ቀደድኩት።

ልብስ ሳልይዝ ሮጬ ተመለስኩ። ሳጥኑንም ግልባጩንም ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። አየችው፣ አየችኝ። «ይህን ማን ያውቅ ነበር?» አለች። «እኔ» አልኩ። ሌላ ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ለጋሱ ክፍል ገባሁና አርባ ሦስቱን ወረቀት ፊቱ ዘረገፍኩት። አዎ፣ «ጥቂት» ብዬሽ ነበር፤ አርባ ሦስት ናቸው።

«ምንድን ነው ይሄ እትዬ ካርድ?»

«ከመቶው ያወጣኋቸው ናቸው። አንደኛ ያወጣሁህ እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም።»

አንድ በአንድ አገላበጣቸው። የእናትሽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጉልበቴ፣ ጉልበቴ ሲሉኝ» አለ፣ «ክኒኑ ካልያዛቸው ብዬ መርፌ ጨመርኩ። መርፌ ያልወጋ ሐኪም ነው እንዴ ይሉኛል። ወንበሩ ላይ ያሉትን ሴቶች ታውቂያቸዋለሽ።»

«አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ እኔ ነኝ። ግን ቤት ምን እንደሚወስዱ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ። «በቀን ስንት ሰው ነው የማየው መሰለሽ?» ብሎ ጀመረና ተወው። መነጽሩን አወለቀ። «ለባለቤትሽም ብዙ ነበር የምጽፍለት» አለኝ።

ይህን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር። ጻፍኩት።

ልጅቱንም ደወልኩላት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «እትዬ» አለችኝ፣ «እዚህ ያለው ሐኪም ከናንተው ሐኪም ብዙም እንደማይከፋ ሲነግረኝ አላመንኩትም። ስድስት ሳምንት ‹እነሱን ተመልከት› እያልኩ አሳፈርኩት።» 

የሚያዝያው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለ ሳጥኑ ለእናትሽ የማን እንደነበረ አልነገርኩም። ከፈለግሽ አንቺ ንገሪያቸው።

ምንም አትላኪልኝ። ምንም።

ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣
የአጎትሽ ልጅ


ግንቦት 15

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽን ጋሪው ላይ አስደግፌ አነበብኩት።

ለአለቃዬ ሄጄ ነገርኳት። ማንም ሳይጠይቀኝ። ከጋሪው አንሥታኛለች። አሁን አንሶላ ነው የምቀይረው። ስለ ወረቀቴ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ልመጣ እችል ይሆናል፣ ጨርሶ ላልመጣም እችል ይሆናል።

ለእማዬም በስልክ ነገርኳት። የማን እንደነበረ ሁሉ። «ነፍሱን ይማር፤ ሰውዬው ምን ይባል ነበር?» አለችኝ። ስሙን ነገርኳት። ጸሎቷ ውስጥ አስገብታዋለች።

ባለቤትሽ በልብ ሕመም ነው የሞተው። እዚያ ነበርኩ፣ አውቃለሁ። ራስሽን በዚህ አትቅጪ።

አሁን ምን እየወሰደች ነው? ባለፈው እንደጠየቅሁሽ ጻፊልኝ።

እህትሽ


ሰኔ 4

ለማትናገረው፣ ስትናገር ግን ለምታስለቅሰው እህቴ፣

እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ። እናትሽ ቤታቸው ገብተዋል! እግራቸው ጎድሏል፣ ያ «የጠበበ» ጫማም ሰፍቷቸዋል። ኩላሊታቸው ግን እንደ ድሮው አይሆንም ተብለናል፤ ግማሹ ነው የቀረው። በየወሩ ለምርመራ ደም ይሰጣሉ። «ግማሽም ለኔ ይበቃል፣ ብዙ አልጠጣም» ይላሉ። እኔ ወጥቼ በር ላይ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላዩኝም።

ቆጠራውን ደገምነው። ልጅቱ ራሷ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ አርባ ሦስቱም በየቦታቸው ገቡ። ሦስት ነጥብ ሁለት ሆነ። ከስምንቱ ሰባተኛ ነን፤ ስምንተኛው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃለት። ኃላፊው ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም፣ ቀይ እስክሪብቶዬንም ተቀበለኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይሌ ውስጥ ገብቷል፤ ያስገባሁት ራሴ ነኝ፣ ካርድ ክፍል ሌላ ሰው የለማ።

ልጅቱ አሁን እኛ ጋ ናት። ከለጋሱ ጎን ተቀምጣ አንድ በአንድ «ይሄ ለምን?» ትለዋለች። መጀመሪያ ፊቱ ይቀላ ነበር። ትናንት ግን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አይቶ፣ አንዱን መስመር ሲሰርዝ አየሁት። ወንበሩ ላይ ያሉት ሴቶች ተቆጥተዋል። «ይቺ ልጅ መጥታ እጁን አሰረችብን» ይላሉ። በመካከላቸው ቆሜ የአክስቴን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ወሬ የማታውቅ ሴት ተቀምጣበት ቢሆን ይህ ሥራ ከየት ይሠራ ነበር?

እናትሽን ትናንት እኔ ይዣቸው ገባሁ። ለጋሱ ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው። እስክሪብቶውን ሳያነሣ «እማማ፣ ቤት ሌላ የሚወስዱት አለ?» አላቸው። ወደኔ ዞሩ፤ ዝም አልኩ፣ እኔም እችላለሁ። ከዚያ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሰድደው አንድ ብልቃጥ አወጡ፤ የጎረቤት ቅባት ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። ለጋሱ ከፍቶ አሸተተው፣ «ይሄ አይጎዳም፣ ይቀቡት» አላቸው።

ስንወጣ ወረቀቱን ዘቅዝቀው፣ ገልብጠው አዩት። «ምነው፣ ቅር ያሰኘሁት ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። «አይ አክስቴ፣ ይሳሳልዎታል» አልኳቸው።

እንዳልሽው ገልብጬልሻለሁ፤ አላሳመርኩም፦

1. አምሎዲፒን፣ ለግፊት፣ በቀን አንድ፣ ጠዋት።
2. ፓራሲታሞል፣ ጉልበት ሲያም ብቻ።

ከዚህ በታች ያለው ነጭ ነው። ረስቼው እንዳይመስልሽ፤ ወረቀቱ ላይም እንዲሁ ባዶ ነው።

እትዬ ካርድ